በግራ ትከሻ ላይ ያለ ነጭ ክር

ጥቅምት 9

ውድ አክስቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጆሮሽስ እንዴት ነው? የስፌት ፋብሪካው ማሽን ጆሮሽን ባይወስደው ኖሮ ደውዬ እገላገል ነበር። አሁን ግን ብደውል አትሰሚኝም፣ ባልጽፍ ታኮርፊያለሽ። ለዘገየሁበት ይቅርታ አድርጊልኝ። ደስ የሚል ወሬ እስካገኝ ብዬ ነበር የቆየሁት። አልተገኘም፤ ያለውን ልጻፍልሽ።

በመጀመሪያ የጠየቅሽኝን ልመልስ። ግንቡ የሚባል ሰው ሐውልቱ ላይ ከሚቀረጹት መሀል የለም። ወፍጮ ቤት ከረጢት ይሸከም እንደነበርና ዘመድ እንደሌለው ጽፈሽልኛል፤ ከዚያ ሌላ የምይዘው ስለሌለኝ ሽማግሌዎችን ጠየቅሁ። አንዱ «ትልቅ ልጅ ነበር» አሉኝ። ሌላው «በጣም ትልቅ ልጅ ነበር» አሉኝ። በቃ፣ ያገኘሁት ይኸው ነው።

ደንቡን ልንገርሽ፤ ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ወደ ጦርነቱ የሄዱት የከተማችን ልጆች መዝገብ በዚያው ጦርነት ከነቢሮው ተቃጥሏል። ስለዚህ የሐውልቱ ኮሚቴ የተማመነው ፎቶ ቤቱን ነው። ልጆቹ በሚሄዱበት ዋዜማ አንድ በአንድ የወታደር ኮት ለብሰው ተነስተዋል። ኮት ለብሶ የተነሳና ያልተመለሰ ይቀረጻል። ፎቶ የሌለው እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ከሥራ ለምን ወጣሽ ላልሽኝ፣ አልወጣሁም፤ አስወጡኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከእናት ወደ እናት፣ ከመቃብር ወደ መቃብር ዞሬ የጻፍኩት መጽሐፍ ታትሟል። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም የአለቃዬ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ከረባቱ የምንለው ሰውዬ፤ የሐውልቱ ኮሚቴ ሰብሳቢም እሱ ነው። የኔ ስም ምስጋናው ላይ አለልሽ፤ ከሾፌሩ ቀጥሎ፣ «በትየባ ለተባበሩን»። ሠራተኛው በሙሉ በተሰበሰበበት ተነስቼ «ከዚህ መጽሐፍ ውስጥ እርስዎ የጻፉት የራስዎን ስም ብቻ ነው» አልኩት። በሳምንቱ ኮንትራትሽ አይታደስም ተባልኩ።

ለነገሩ በደልኩት፤ አንድ ምዕራፍ ጽፏል። በአንዳንዶቹ ፎቶዎች ላይ ግራ ትከሻቸው ጋ ነጭ መስመር ይታያል። እኔ ረቂቁ ላይ «ምንነቱ ያልታወቀ» ብዬ አልፌው ነበር። እሱ ግን አወቀው! «ባለ ነጭ ትከሻዎች፤ በፈቃዳቸው ግንባር ቀደም የዘመቱ ልዩ ጓድ» ብሎ ሙሉ ምዕራፍ ሰጣቸው። ጨርቅ ሻጯ ባለ ጨርቋ ልጇ ከነሱ አንዱ ነው ስለተባለ ደስ ብሏት፣ ገጹን ቀድዳ መደብሯ ውስጥ ከፎቶው ሥር ለጥፋዋለች። መጽሐፉን ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ፤ አንብቢና ተናደጂልኝ፣ እኔስ መናደዱም ደከመኝ።

ግን ግንቡ ማን ነው?

እሾክሽ

ጥቅምት 28

ለእሾኬ፣

ደብዳቤሽም መጽሐፉም ደርሰውኛል። ደህና ነኝ። ጉልበቴ ትንሽ ያስቸግረኛል። ደረጃው ያው ደረጃ ነው፤ ያረጀሁት እኔ ነኝ።

አለቃሽን በሰው ፊት እንዲያ ማለትሽን አልወደድኩትም። እውነት መሆኑ ነው የከፋው። ውሸት ቢሆን ይቅርታ ጠይቀሽ ትመለሺ ነበር። እናትሽ ጋ እየሄድሽ ነው የምትበዪው ወይስ እዚያ ጋራዥ ጀርባ ባለው ክፍልሽ ሻይ በዳቦ ነው? እውነቱን ጻፊ።

ስለዚያ ልጅ ለጠየቅሽኝ፣ ማንም አይደለም። የአንድ ሰፈር ልጆች ነበርን። ሰው ሲያረጅ የማያስፈልግ ነገር ትዝ ይለዋል። ተዪው።

መጽሐፉን አየሁት። ባለ ነጭ ትከሻዎች የሚለው ጋ ስደርስ መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁና እንደገና አነበብኩት። ከዚያ ሳቅሁ። ጎረቤቴ ምን ሆነች ብላ እስክትመጣ ሳቅሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ አጉሊ መነጽር ይዘሽ ፎቶዎቹን እያቸው። ፊታቸውን ተዪውና ቁልፎቻቸውን እዪ።

አክስትሽ

ኅዳር 11

አክስቴ፣ አንቺ ጉደኛ!

ሰላምታውን ዝለይልኝ። ፎቶ ቤቱን አሁን የያዘችው የፎቶ አንሺው ልጅ ናት፤ ከሷ ጋር ነጋቲቮቹን በሙሉ መስታወት ላይ ዘረጋናቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ፊት ፊታቸውን ሳይ ኖሬ አንድ ቀን እንኳ ቁልፋቸውን አላየሁም። ሁሉም ኮት ላይ ከላይ ሁለተኛው ቁልፍ የለም! የሁሉም ኮሌታ አንድ ቦታ ላይ ታጥፏል። ኮቱ አንድ ነው። የከተማችን ወንዶች ሁሉ ተራ በተራ የለበሱት አንድ ኮት!

የፎቶ ቤቷ ልጅ ይህን ስነግራት አልገረማትም። «እሱ ኮትማ የአባቴ ነው» አለችኝ፤ «ልጆቹ ገና የደንብ ልብስ ስላልተሰጣቸው ነው የሚያውሳቸው። እኔ ነፍስ ሳውቅ የውሻችን ምንጣፍ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ? አንቺ የምትጠይቂው ስለ ጀግንነት ነበር።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሌላም አለ። አባቷ ነጋቲቮቹን በተነሱበት ተራ ነው ያስቀመጣቸው። እስከ ጸጉር አስተካካዩ ልጅ ድረስ ትከሻቸው ላይ ምንም የለም። ከሱ ቀጥሎ የባለ ጨርቋ ልጅ ነው፤ ነጩ መስመር ከሱ ይጀምርና እስከ መጨረሻው ይቀጥላል። እንግዲህ በሁለቱ መሀል ኮቱን የሆነ ነገር አግኝቶታል። አንቺ ታውቂዋለሽ። እዚያ ነበርሽ፣ አይደል?

ሐውልት ጠራቢው ስሞቹን መቅረጽ የሚጀምረው ከጥር አጋማሽ በኋላ ነው። የምትነግሪኝ ካለ ሳይመሽ ንገሪኝ። ተዪው ብለሽኛል። ትቼ የማውቅ ከሆነ አስታውሺኝ።

ለጠየቅሽኝ፣ ሻይ በዳቦ ነው።

እሾክሽ

ኅዳር 30

ለእሾኬ፣

ይህን ደብዳቤ ጽፌ ቀደድኩት፤ ደግሜ ጻፍኩ። ትንሽ ብር ጨምሬበታለሁ፤ እምቢ ካልሽ ተጣላን።

አዎ፣ እዚያ ነበርኩ። ልብስ ሰፊ ቤት ሙያ ልምምድ ላይ ስለነበርኩ ከኮሌታዬ መርፌ አይጠፋም ነበር። ልጆቹ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ተሰልፈው ይሳሳቃሉ። የግንቡ ተራ ደረሰ። ፎቶ አንሺው ገና ከሩቅ ሲያየው «አንተ አትገባበትም፣ እንዲሁ ተነሳ» አለው። እሱ እምቢ አለ። ቀኝ እጁ እንደምንም ገባ። ግራውን ሲያስገባ ጨርር!

«አንተ ግንብ! ኮት ነው እንጂ በር መሰለህ?» ብሎ ጮኸ ፎቶ አንሺው።

ከሰልፉ አንዱ «ጠላት አለቀለት፣ ግንቡ ኮቱን ድል አደረገው!» አለ። ግድግዳ ይዘው ነው የሳቁት።

ግንቡ አፍሮ ኮቱን አወለቀ። ቀጥሎ የነበረው የባለ ጨርቋ ልጅ ለበሰው፤ እኔም እላዩ ላይ እንዳለ ሰፋሁት። የነበረኝ ክር ከሙሽራ ቀሚስ የተረፈ ነጭ ነው። ዓይኔ ወደ ግንቡ እየሄደብኝ ስፌቱ ጠመመ። የባለ ጨርቋ ልጅ «እኅቴ፣ ኮቱን ነው የምትሰፊው ወይስ እኔን?» ይለኛል። ሊነሳ ሲቆም ደግሞ ግንቡ ከፎቶ አንሺው ኋላ ሄዶ ጉንጩን እየነፋ፣ ዓይኑን እያንሸዋረረ ያስቀው ጀመር። የተከተሉትንም ሁሉ እንዲሁ ሲያስቃቸው ነበር። ፎቶ አንሺው ሁለት ጊዜ በጥቁሩ ጨርቅ መትቶታል።

አንተስ ስለው «ስመለስ መንግሥት በልኬ ይሰፋልኛል፤ ያኔ እነሳለሁ» አለኝ። በነጋታው በካሚዮን ሄዱ። ከካሚዮኑ ላይ ከሁሉ በላይ የሚታየው የሱ ጭንቅላት ነበር።

የአለቃሽ ልዩ ጓድ የኔ ጠማማ ስፌት ነው እንግዲህ።

ስሙን ከነአባቱ በሌላ ወረቀት ጽፌ ውስጡ አጥፌዋለሁ። እዚያ ከተማ ይህን ስም የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ምን እንደምታደርጊበት እኔ አላውቅም።

አክስትሽ

ታኅሣሥ 17

ውድ አክስቴ፣

ብሩን ተቀብያለሁ፤ አልተጣላንም። ወረቀቷንም ቦርሳዬ ውስጥ ይዣት እዞራለሁ።

ከረባቱ ጋ ሄድኩ። ከመግባቴ በፊት በቁጣ የምናገረውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ከዚያ የድሮ ጠረጴዛዬን አየሁት፤ የአበባ ማሰሮ አስቀምጠውበታል። አበባው ፕላስቲክ ነው። እሱን ሳይ ቁጣዬ ሁሉ ፈሰሰና ድካም ብቻ ቀረኝ። ነጋቲቮቹን በተራቸው ደርድሬ አሳየሁት። ቁልፉን አሳየሁት። ስፌቱን ነገርኩት። አንድ ሰው ፊቱ እንዲህ ቀስ እያለ ሲቀየር አይቼ አላውቅም።

«ይህን ለማን ነግረሻል?» አለኝ። የመጀመሪያ ጥያቄው እውነት ነው ወይ የሚል አልነበረም።

«እስካሁን ለማንም።»

«ቁጭ በይ» አለኝ። «ተሳስተን ይሆናል፤ ሰው ነን። ሁለተኛው እትም ላይ ስምሽ ከስሜ ጎን ይገባል። ጠረጴዛሽም ይመለስልሻል። ክሩን ግን ተዪው።»

«ግንቡስ?»

«ክሩ ከሌለ እሱ በምን ይረጋገጣል? አንቺው ንገሪኝ። ለአንድ ከረጢት ተሸካሚ ብለሽ የሌሎቹን ክብር ታፈርሻለሽ?»

ውሸቱን ቢለኝ መልስ ነበረኝ። ነገር ግን እዚህ ላይ ልክ ነው፤ ግንቡ እንዲኖር ክሩ መነገር አለበት። ክሩ ከተነገረ ልዩ ጓድ የለም። እስከ ቅርጹ መጀመሪያ ድረስ አስቢበት ብሎ ሸኘኝ፤ በር ድረስ፣ አስቢው፣ ሸኝቶኝ አያውቅም።

ወንድሜ «ተቀበይና እረፊ፣ የሞተ ሰው ስም አይርበውም» ይለኛል። እኔ ግን አደባባይ ላይ ወጥቼ ከተማው ሁሉ እየሰማ ማዋረድ ነው ያማረኝ። ፎቶዎቹን አስፍቼ ቢሮው አጥር ላይ ልለጥፋቸው? አንቺ ምን ትያለሽ?

እሾክሽ

ጥር 3

ለእሾኬ፣

ተቀበይ።

ስምሽን ውሰጂ፤ ሠርተሽበታል። ግንቡ ያለ ስም ኖሮ ለምዶታል። አንቺ ግን ገና ወጣት ነሽ፣ እልህ ብቻ ይዘሽ ስትኖሪ ማየት አልፈልግም። እልህ እንደማያሞቅ አውቃለሁ፣ ሞክሬዋለሁ።

አጥር ላይ የምትለጥፊውን ነገር ደግሞ እርሺው። ባለ ጨርቋን አስቢያት። ልጇ ልዩ ጓድ ነበር ተብላ ደስ ብሏታል ብለሽ የጻፍሽልኝ አንቺው ነሽ። መደብሯ ውስጥ ፎቶው ከተሰቀለበት ሥር የመጽሐፉን ገጽ ቀድዳ ለጥፋዋለች አላልሽኝም? ከአለቃሽ ላይ ከረባቱን ለማውለቅ ብለሽ ከናት ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይገፈፍም። ያቺ መጽናኛዋ ናት።

ጠማማ ስፌቴ ላንዷ እናት ኩራት ከሆናት ይቅርላት።

ጉልበቴ ብሷል። ለናትሽ እንዳትነግሪያት፤ ወሬ ታበዛለች።

አክስትሽ

ጥር 14

ውድ አክስቴ፣

አልታዘዝኩሽም። ሳትቆጪ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

አጥር ላይ አልለጠፍኩም። ባለ ጨርቋ ጋ ሄድኩ። ልነግራት አልነበረም የሄድኩት። የግንቡን ስም ትቼ ለከረባቱ እሺ ከማለቴ በፊት ፎቶውን አንድ ጊዜ ልየው ብዬ ነው። መደብሯ እንደምታውቂው ጠባብ ናት፤ የጨርቅ ጥቅሎቹ እስከ ጣሪያ ተቆልለው ሰው በጎን ነው የሚገባው። እሷ በሜትር እየለካች ደንበኛ ታስተናግዳለች። ዕድሜዋ ገፍቷል፣ እጇ ግን አሁንም ሳይሳሳት ይቆርጣል።

ደንበኛዋ ስትወጣ «ምን ሆነሽ ነው ልጄን እንዲህ የምታፈጪበት?» አለችኝ። «ልታገቢው ነው እንዴ?»

አፌ አመለጠኝ። «እማማ፣ ይህን መስመር የሰፋችው አክስቴ ናት» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻልኩም። ስለ ኮቱ፣ ስለ ግንቡ፣ ስለ ሰልፉ ሁሉንም ነገርኳት። መቀሷን አስቀምጣ ሰማችኝ። ስጨርስ ፎቶውን ከግድግዳው አወረደችና መነጽሯን አድርጋ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደችው። አክስቴ፣ ምን አደረግሁ እያልኩ ነበር።

«እኔስ ስንት ዓመት አይቼው፤ የጀማሪ እጅ ነው ብዬ ነበር» አለች። «መንግሥት እንዲህ ጠማማ አድርጎ ነው ወይ ለልዩ ጓድ የሚሰፋው እያልኩ ይገርመኝ ነበር። በሰው ፊት አይባልም ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ከዚያ ጣቷን የልጇ አፍ ላይ አደረገች። ከንፈሩ ጥግ ላይ ትንሽ ጠበቅ ያለች ነገር አለች፤ እኔም አይቻት አውቃለሁ።

«ይህችን» አለችኝ፣ «ለቅሶውን ሲይዝ ነው እል ነበር። እስከ ዛሬ፣ ሳየው ሁሌ፣ ልጄ ፈርቶ ነበር እያልኩ ነው የኖርኩት። ሳቁን ነው የያዘው ነው የምትዪኝ?»

«ግንቡ ከፎቶ አንሺው ኋላ ቆሞ ጉንጩን እየነፋ ነበር፣ እማማ።»

ቁጭ አለች። ሳቀች መሰለኝ፤ መጀመሪያ ሳቅ ነበር። ከዚያ የሚይዛት አልነበረም። ከጨርቁ ጥቅል ጫፉን ሳብ አድርጋ ፊቷን ጠረገችና ስትጨርስ ያንን ጨርቅ ቆርጣ ጣለችው። የመጽሐፉን ገጽም ከግድግዳው ላጥ አድርጋ አጠፈችውና ለሚወዛወዘው ጠረጴዛዋ እግር ሥር አደረገችው።

«ያ ልጅ የማን ነበር?» አለችኝ።

«የማንም አልነበረም።»

«እንዴት የማንም? ይኸው ልጄ ትከሻ ላይ አይደል ያለው!»

ነገ የሌሎቹን እናቶች እጠራለሁ አለችኝ። ከረባቱን እሺ አላልኩትም። ደክሞኛል፤ ግን እሺ አላልኩትም።

እሾክሽ

የካቲት 22

ውድ አክስቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ? ለናቴ አልነገርኳትም፤ ከጎረቤትሽ ሰምታለች።

ላስጨነቀሽ ጥያቄ መልሱ አዎ ነው። ተቀርጿል።

እናቶቹ ቢሮ ሲገቡ እኔ አልነበርኩም፤ እንዳትመጪ ብለውኛል። «አንቺ ካለሽ ጠብ ነው፣ እኛ ብቻ ከሆንን ልመና ይመስላል» አለች ባለ ጨርቋ። የሰማሁት ከሾፌሩ ነው። ነጭ መስመር ያለባቸውን ፎቶዎች ሁሉ ተሸክመው መጥተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩለት። እሱ ደንብ ደንብ ነው አለ። ባለ ጨርቋ «ደንብህ የተጻፈው የውሻ ምንጣፍ ላይ ነው» አለችው። ሾፌሩ ይህን ሲነግረኝ መኪናውን አቁሞ ነው የሳቀው። ቀጥላም «ያ ልጅ ካልተቀረጸ የኔንም ልጅ ስም አውጣው» አለች። ከጎኗ ያለችውም «የኔንም» አለች። ቀጥላ ሌላዋ። ሐውልቱ ባዶ ሊቀርበት ሲል ከረባቱ ከረባቱን አላላ።

የኔ ስምስ ላልሽው፣ ያው «በትየባ ለተባበሩን» ነው። ሁለተኛው እትም ይቆይ ተብሏል። ጠረጴዛዬ ላይ ፕላስቲኩ አበባ እንዳለ ነው። ምረቃው ላይ ከረባቱ ንግግር አደረገ፤ ስለ ነጭ ትከሻ አንድም ቃል አልወጣውም፣ ስለ ኮቱም እንዲሁ። እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር፤ ይህን ሁሉ ጊዜ የጓጓሁለት ቀን ሆኖ ሳለ የታሰበኝ መተኛት ብቻ ነው። የኔን መጽሐፍ ጀምሬያለሁ። መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ኮቱ አንድ ነበር» ይላል። ማን እንደሚያትምልኝ አላውቅም። ግን እጽፈዋለሁ፤ ሽፋኑ ላይ የማን ስም እንደሚሆን ደግሞ አውቃለሁ።

ግንቡ ማን ነበር ብዬ ዳግመኛ አልጠይቅሽም። ለምን እንዳላገባሽም ጠይቄሽ አላውቅም፤ አልጠይቅሽም።

ስለ ስሙ ግን ልንገርሽ። ጠራቢው ድንጋዩን አስቀድሞ አከፋፍሎ ስለነበር የቀረው ከታች ጫፉ ላይ ያለች ጠባብ መስመር ናት። የአባቱ ስም ደግሞ እንደምታውቂው ረጅም ነው። ጠራቢው እየለካ፣ እየደመሰሰ፣ ፊደሎቹን እያጠበበ ደከመ። «ይሄ ሰውዬ አይገባም» አለኝ በመጨረሻ። ባለ ጨርቋ ይዛው በመጣችው ኩርሲ ወንበር ላይ ተቀምጣ «እንደምንም አስገባው፣ ልማዱ ነው» አለችው። አስገባው። የመጨረሻዋ ፊደል ግን ከፊት ለፊት ቦታ አጥታ ወደ ድንጋዩ ጎን ዞራለች።

ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ ብለሻል። አልልክልሽም። ከፊት የተነሳ ፎቶ ላይ ጎኑ አይታይም፤ ስሙን እስከ መጨረሻው ለማንበብ ዞሮ መቆም ያስፈልጋል። ሐውልቱ ደረጃ የለውም፣ ሜዳ ላይ ነው።

እሾክሽ